ነዳጁ ስንት ግራም ነው?

ፊውዥን ሲነሣ አገሩ ሁሉ በአንድ አፍ ይናገራል። ነዳጁ ከባሕር ውሃ ይቀዳል፣ አያልቅም፣ ጭስ የለውም፣ ጨረር የለውም ይባላል፤ የቀረው የፀሐይን እሳት ምድር ላይ መለኮስ ብቻ ነው፣ እሱንም አሜሪካኖች ለኩሰውታል ይባላል። ይህን በሬዲዮ ሰምተነዋል፣ በዩቲዩብ አይተነዋል፣ እንጅባራና ዳንግላ ላይ ቡና እየተጠጣ ሲደገም እንሰማዋለን። ተማሪው ይለዋል፣ ጋዜጠኛው ይለዋል፣ አንዳንዴም አስተማሪው ራሱ ይለዋል። እኔ ግን አልስማማም። የፊውዥን ትልቁ ችግር እሳቱ ሳይሆን ነዳጁ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ገንዘብ የሚፈስባቸው አብዛኞቹ ማሽኖች ሊያነዱት ያሰቡት ነዳጅ ግማሹ ጨረር አመንጪ ነው፤ በተፈጥሮም የለም ማለት ይቻላል። ይህን ጨረር አመንጪ ግማሽ በእጅጉ ያልቀነሰ ፊውዥን ኃይል ማመንጫ አይሆንም። በሆነ ተአምር ቢሆን እንኳ ንጹሕ ተብሎ ሊጠራ አይገባውም።

ጨዋታው በአዊ ምድር የሚደራው ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ሕዳሴው ግድብ የሚወስደው መንገድ እንጅባራ ላይ ወደ ቻግኒ ይታጠፍና በማንዱራና በግልገል በለስ አድርጎ ጉባ ይደርሳል። ሲሚንቶና ብረት የጫነ መኪና ዓመታት ሙሉ በዚህ ሲያልፍ የኖረ ነው፤ እዚህ የሚያድግ ልጅ ኃይል ማመንጫ ማለት ምን ያህል ድካም እንደሆነ በዓይኑ እያየ ነው ያደገው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። ወር ሳይሞላ፣ መስከረም 15 ቀን 2018፣ ኢትዮጵያ ሞስኮ ላይ ከራሺያው የኒውክሌር ድርጅት ሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራረመች። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ጦፏል። የራሺያዎቹ ሪአክተር ዩራኒየም የሚሰነጥቅ ነው፣ ፊስዥን። ስለዚህ አንዱ ወገን “ቆሻሻውን ቴክኖሎጂ ለምን እንገዛለን? ትንሽ ብንታገሥ ንጹሑ ፊውዥን ይመጣል” ይላል። ሌላው ደግሞ “ዛሬ በፊስዥን እጃችንን እናፍታታ፣ ልጆቻችን ወደ ፊውዥን ይሻገራሉ” ይላል። ሁለቱ በሌላው ሁሉ ይጣላሉ፤ ፊውዥን ንጹሕና የማያልቅ መሆኑን በተመለከተ ግን ቃላቸው አንድ ነው። እኔ የምሞግተው በጠባቸው ገብቼ ሳይሆን ይህን አንድነታቸውን ነው።

ከነዳጁ እንጀምር። አሁን በዓለም ላይ ሊሠራ ይችላል ተብሎ የታመነበት ፊውዥን ሁለት ዓይነት ከባድ ሃይድሮጅን ያዋህዳል፤ ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም። ሲዋሃዱ ሂሊየምና አንድ ፈጣን ኒውትሮን ይወጣሉ፤ ከሚገኘው ጉልበት አምስት እጅ አራቱን ይዞ የሚሄደው ኒውትሮኑ ነው። ከባሕር ውሃ የሚቀዳው ዲዩቴሪየም ነው። እሱ በእርግጥ አያልቅም፤ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ ሠላሳ ግራም ገደማ አለ፣ ጨረርም የለውም። የባሕሩ ወሬ እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ትሪቲየም ግን ከባሕር አይቀዳም። ጨረር አመንጪ ነው፤ በየ12 ዓመት ከጥቂት ወራት ግማሹ ይጠፋል፣ ማለትም መጋዘን ውስጥ ያስቀመጡት እንኳ በዓመት ከመቶ አምስት ተኩል ያህሉ ወደ ሂሊየም ተለውጦ ይሄዳል። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር አየራችን ላይ ሲያርፍ የሚፈጥረው ትሪቲየም በመላው ዓለም ተሰብስቦ ጥቂት ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ያም በውቅያኖስና በደመና ተበትኗል።

ታዲያ ለሙከራ የሚነድደው ከየት ይመጣል? ከፊስዥን ሪአክተር ነው። በካናዳና በደቡብ ኮሪያ ያሉት ካንዱ የሚባሉ ሪአክተሮች በከባድ ውሃ የሚሠሩ ናቸው፤ ትሪቲየም በውሃቸው ውስጥ እንደ ቆሻሻ ይጠራቀማል። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ዳርሊንግተን የሚገኘው ጣቢያ ይህን ከውሃው ለይቶ ያወጣል። ለሲቪል አገልግሎት የሚውለው የዓለም ክምችት 25 ኪሎ ግራም ገደማ ነው የሚባለው። ዋጋው በግራም 30,000 ዶላር አካባቢ ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ፊስዥንን “ቆሻሻ” እያልን ስናባርር “ንጹሑ” ፊውዥን የሚለኮሰው ከዚያው ከፊስዥን ጓሮ በተለቀመ ነዳጅ ነው። ይህን የሚናገር የዩቲዩብ ቪዲዮ እስካሁን በአማርኛ አልገጠመኝም።

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ። አንድ ጊጋ ዋት ሙቀት የሚያመነጭ ፊውዥን ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢሠራ 56 ኪሎ ግራም ትሪቲየም ይበላል፤ ይህ ከፊዚክሱ በቀጥታ የሚወጣ ሒሳብ ነው፣ ማንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊሠራው ይችላል። ከሙቀቱ ሲሶው ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል ብለን እንያዝ። የሕዳሴው ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው 15,760 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው። ይህን ያህል ኤሌክትሪክ በፊውዥን ለማምረት በዓመት 300 ኪሎ ግራም ገደማ ትሪቲየም መቃጠል አለበት። የዓለም ሁሉ ክምችት አሥራ ሁለት እጥፍ ሆኖ እንኳ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው የሚበቃን። ዛሬ ባለው ዋጋ ብንገዛው 9 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል፤ ግድቡ በጠቅላላ ወጣበት ከሚባለው 5 ቢሊዮን ገደማ ጋር አስተያዩት። ለአባይ ውሃ ግን የምንከፍለው ዋጋ የለም፤ ክረምት ሲመጣ ይመጣል።

“ሪአክተሩ ትሪቲየሙን ራሱ ያበቅላል” የሚል መልስ ይመጣል። ይህ መልስ ጠንካራ ስለሆነ በጥሞና ልየው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። የሪአክተሩን እልፍኝ በሊቲየም ይከቡታል፤ ከእሳቱ የሚወጣው ኒውትሮን ሊቲየሙን ሲመታ ትሪቲየም ይወለዳል። ይህን ከአዊው የፋግታ ለኮማ ገበሬ በላይ የሚረዳ የለም። እዚያ አርሶ አደሩ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሐል ጤፍ ዘርቶ፣ ቀጥሎ ሣሩን ለከብት አጭዶ፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል አክስሎ በማዳበሪያ ከረጢት ለአዲስ አበባ ይጭናል። ከዚያ እንደገና ጤፉንም ችግኙንም ይመልሳል። ነዳጁን ራሱ የሚያበቅል ማለት ይህ ነው። ታዲያ ስሌቱ የሚጸናው ከተቆረጠው በላይ ሲተከል ብቻ ነው፤ መቶ ዛፍ የቆረጠ መቶ ችግኝ ቢተክል ኪሳራ ላይ ነው፣ የሚደርቅ አለ፣ ከብት የሚበላው አለ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ቅጠሉን የሚያጠቃ የዝገት በሽታ ገብቶ ስንቱን ተክል አጠወለገው! ያን ጊዜ ነው ትርፍ ያልያዘ ሰው የተጋለጠው።

የፊውዥን ችግኝ ጣቢያ ከዚህ የባሰ ነው። አንድ ትሪቲየም ሲቃጠል የሚወጣው ኒውትሮን አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ትሪቲየም ለመውለድ ደግሞ አንድ ኒውትሮን ያስፈልጋል። ጥቂቱ በብረቱ ይዋጣል፣ ጥቂቱ በማሞቂያና በመለኪያ ቀዳዳዎች ያመልጣል። የጎደለውን ለመሙላት ኒውትሮን የሚያባዛ ቤሪሊየም ወይም እርሳስ ይጨመራል። እንዲህ ሁሉ ተደርጎ በስሌት የሚገኘው ትርፍ ከመቶ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ነው። ትርፉ በጣም ቀጭን ነው፤ ያውም በስሌት። የካሊፎርኒያው ፕሮፌሰር ሞሃመድ አብዱ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለብዙ ዓመታት ሲያስጠነቅቁ የኖሩት ይህንን ነው፦ ነዳጁን የሚያስተዳድረው ሥርዓት እጅግ ካልተሻሻለ ራስን መቻል አይገኝም። እስከ ዛሬ የራሱን ነዳጅ ያበቀለ አንድም የፊውዥን ማሽን የለም። በደቡብ ፈረንሳይ በመገንባት ላይ ያለው ግዙፉ ኢተር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024 በታደሰው ዕቅዱ በትሪቲየም መሥራት የሚጀምረው በ2039 ነው፤ የሚበቅል ትሪቲየምን የሚሞክረው ደግሞ በትናንሽ ቁራጮች ብቻ ነው። ነዳጁን ከሌላ ያመጣል።

ሊቲየሙም ቢሆን እንደ ልብ አይደለም። ለዚህ ሥራ የሚሻለው ሊቲየም 6 ከተፈጥሮ ሊቲየም ውስጥ ሰባት ተኩል ከመቶ ብቻ ስለሆነ ማበልጸግ ያስፈልጋል። አሜሪካ ይህን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኦክ ሪጅ ላይ የሠራችው በሜርኩሪ ነበር፤ ወንዙና አፈሩ ተበክሎ ጽዳቱ ዛሬም አላለቀም። ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ ላይ ሊቲየም አለን ብለው የሚኩራሩ ወገኖች ይህንንም ቢያስቡበት መልካም ነው። ማዕድን መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ከማዕድኑ ሊቲየም 6 ለይቶ ማውጣት ሌላ።

ወደ ጨረሩ ልለፍ። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ማጋነን ስላለ በሁለቱም መሐል መሄድ አለብኝ። ፊውዥን ቼርኖቤል አይሆንም። እሳቱ በባሕርዩ ለመጥፋት የተዘጋጀ ነው፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ይጠፋል እንጂ አይጋጋምም። ለሺሕ ዓመታት የሚቀበር የነዳጅ ቅሪትም የለውም። ትሪቲየምም ቢሆን የሚያወጣው ጨረር ደካማ ነው፣ ቆዳን አልፎ አይገባም፤ ቢጠጣ እንኳ ሰውነት በአሥር ቀን አካባቢ ግማሹን ያስወጣዋል። ይህን የሚክድ ሰው ሕዝብን ያስፈራራል እንጂ አያስተምርም። ሆኖም ትሪቲየም ሃይድሮጅን ነው። ሃይድሮጅን የሚሄድበት ሁሉ ይሄዳል፤ የጋለ ብረትን ሰርጎ ያልፋል፣ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ውሃ ይሆናል። ከውሃ ውስጥ መልሶ መለየት ደግሞ፣ ውሃን ከውሃ መለየት ስለሆነ፣ ከባድና ውድ ነው።

ስንት ቢሆን ነው የሚያሳስበው? የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 10,000 ቤክሬል ነው። የአውሮፓ ኅብረት 100 ሲደርስ ምንጩ ይመርመር ይላል። አንድ ግራም ትሪቲየም በሰኮንድ ከ350 ትሪሊዮን ጊዜ በላይ ጨረር ይረጫል። እንግዲህ አንድ ኪሎ ግራም ሙሉ በሙሉ ውሃ ሆኖ ጣና ውስጥ ቢቀላቀል፣ ጣናም 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይዟል ብንል፣ ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያ ያልፋል፤ የአውሮፓውን ደግሞ ከመቶ ጊዜ በላይ። የመመሪያው ቁጥር በጥንቃቄ ዝቅ ተደርጎ የተቀመጠ ነው፤ አለፈ ማለት ሰው ይሞታል ማለት አይደለም። እንዲህ ዓይነት አደጋም በአንድ ጊዜ የሚደርስ አይደለም። የማሳየው የዕቃውን ክብደት ነው፤ በግራም የሚለካ ነገር ሐይቅ የሚያህል ውሃ ያስቆጥራል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሥጋት አይደለም። ጃፓን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 2023 ከፉኩሺማ የተጣራ ውሃ ወደ ባሕር መልቀቅ ጀመረች። በዓመት እንዲለቀቅ የተፈቀደው ትሪቲየም 22 ትሪሊዮን ቤክሬል ነው፤ ትልቅ ይመስላል እንጂ በሚዛን ሲቀመጥ ከአንድ ግራም መቶኛ ስድስቱ ነው። በሳይንሱ በኩል ሲታይ ይህ ጉዳት የሚባል አልነበረም። ቻይና ግን በዚያው ቀን የጃፓንን የባሕር ምግብ ሁሉ አገደች፣ የጎረቤት አገር ዓሣ አጥማጆች ሰልፍ ወጡ፣ ዓለም አቀፍ ጭቅጭቅ ሆነ። በዓመት ስድስት መቶኛ ግራም ይህን ካደረገ፣ በኪሎ የሚቆጠር ትሪቲየም ግቢው ውስጥ የያዘ ፋብሪካ ለጎረቤቶቹ ምን ብሎ ነው የሚያስረዳቸው? “ጨረር የለውም” ብሎ ነው እንዴ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሻለሁ። ትሪቲየም ሪአክተሩ ውስጥ ሲገባ የሚቃጠለው ከገባው እጅግ ጥቂቱ ነው። በኢተር ዓይነት ማሽን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የቀረው ዘጠና ዘጠኝ እጅ ሳይነካ ተመልሶ ይወጣል፤ በፓምፕ ይሳባል፣ ይጣራል፣ ዲዩቴሪየሙ ከትሪቲየሙ ይለያል፣ ይከማቻል፣ እንደገና ይገባል። አንድ ጊጋ ዋት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ በቀን ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ 460 ግራም ገደማ፣ ትሪቲየም ያቃጥላል። ከመቶ አንዱ ብቻ የሚቃጠል ከሆነ ግን 46 ኪሎ ግራም በየቀኑ በቧንቧው መዞር አለበት። ከዓለም ክምችት በላይ የሆነ ትሪቲየም በየቀኑ በአንድ ጣቢያ ሆድ ውስጥ ይዞራል ማለት ነው! ዙሩ አንድ ሰዓት ከፈጀ ሁልጊዜ ሁለት ኪሎ ያህል መንገድ ላይ አለ፤ አንድ ቀን ከፈጀ አርባ ስድስቱም መንገድ ላይ ናቸው። ጣቢያው ሥራ ሲጀምርም ይህን ያህል በእጁ መያዝ አለበት፤ ከየት ያመጣዋል? አደጋውም፣ ዋጋውም፣ ራስን የመቻሉም ጉዳይ የታሠረው እዚህች ከመቶ አንድ ላይ ነው። የእሳቱን ሙቀት በሚሊዮን ዲግሪ እየቆጠረ የሚያስደንቀን ዜና ግን ይህችን ቁጥር ጠቅሷት አያውቅም።

ስለ እሳቱ የሚነገረውን ድል አልንቅም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 2022 ካሊፎርኒያ ያለው የሌዘር ማዕከል ወደ ነዳጁ ከገባው 2.05 ሜጋ ጁል 3.15 አወጣ፤ ሌዘሩ ራሱ ከመስመር የሳበው ግን 300 ሜጋ ጁል ገደማ ነበር። በእንግሊዝ የነበረው ጄት የተባለ የፊውዥን ማሽን በ2023 መጨረሻ፣ ሊዘጋ ሲል፣ ከአንድ ሚሊ ግራም አምስተኛ በሚያህል ነዳጅ 69 ሜጋ ጁል አመነጨ። ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን አምስተኛ ሚሊ ግራም ያለ ችግር ይያዛል፤ ጭንቁ አርባ ስድስት ኪሎውን መያዝ ነው።

እንዲያውም ጄት ካስተማረን ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ሙቀቱ ሳይሆን ግድግዳው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጄትም፣ የአሜሪካው የፕሪንስተን ማሽንም፣ የውስጥ ግድግዳቸው ከካርቦን የተሠራ ነበር። በትሪቲየም ሲሠሩ ከገባው ከመቶ አሥር የሚበልጠው ካርቦኑ ውስጥ ተሸሽጎ ቀረ፤ በጽዳት ሁሉ አልወጣም። ካርቦን ሃይድሮጅንን ይወዳል፤ እየተፋቀ፣ እንደ ቅርፊት እየተነባበረ ቀዝቃዛ ጥግ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚህ በኋላ ጄት እ.ኤ.አ. በ2011 ግድግዳውን በቤሪሊየምና በተንግስተን ቀየረው፤ ግድግዳው ውስጥ የሚቀረው ነዳጅ ከአሥር እጥፍ በላይ ቀነሰ። ኢተርም ካርቦኑን ተወ፤ በኋላም ቤሪሊየሙን ትቶ ወደ ተንግስተን ዞረ። የኢተር ፈቃድ እልፍኙ ውስጥ የሚቀረው ትሪቲየም አንድ ኪሎ እንዳያልፍ ይገድባል፤ በግቢው ሁሉ ደግሞ አራት ኪሎ ገደማ ነው ጣሪያው። መሐንዲሶቹ ትሪቲየምን መቀነስ የህልውና ጉዳይ መሆኑን አውቀውታል ማለት ነው። እኛ ነን ያላወቅነው።

ሌሎችም መንገዶች እየተሞከሩ ነው። ጀርመኖች ካርልስሩኸ ላይ የሚሠሩበት ሐሳብ ከእልፍኙ የሚወጣውን ሳይቃጠል የቀረ ነዳጅ አብዛኛውን ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም መለየት ሳያስፈልግ በአጭር መንገድ ወዲያው መመለስ ነው፤ ዙሩ ካጠረ መንገድ ላይ ያለው ክምችት ያንሳል። ከሁሉ የሳበኝ ግን የፕሪንስተን የፕላዝማ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጡት ስሌት ነው። የአተሞቹ አስኳሎች እንደ እንዝርት ይሾራሉ። ሹረታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ከተስተካከለ የመዋሃድ ዕድላቸው እስከ ግማሽ ይጨምራል፤ ይህ ከድሮ የታወቀ ነው። አዲሱ ነገር ጭማሪውን ለተጨማሪ ኃይል ከማዋል ትሪቲየሙን ለመቀነስ ማዋል ይሻላል ማለታቸው ነው። ግማሽ በግማሽ የነበረውን ድብልቅ ዲዩቴሪየሙን ስልሳ፣ ትሪቲየሙን አርባ፣ ከዚያም በታች አድርጉት፤ ኃይሉ ሳይወርድ ከሚገባው ትሪቲየም የሚቃጠለው ድርሻ እስከ አሥር እጥፍ ሊያድግ ይችላል ይላሉ። በእኔ ቁጥር ሲተረጎም በቀን የሚዞረው 46 ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ተኩል ይወርዳል። ይህ ስሌት ነው፤ ሹረቱ የተስተካከለ ነዳጅ መቶ ሚሊዮን ዲግሪ ውስጥ ገብቶ ሥርዓቱን ጠብቆ መቆየቱ በእውነተኛ ሪአክተር ገና አልታየም። ቢሆንም የጥያቄው አቅጣጫ ትክክል ነው። “እንዴት የበለጠ እናንድድ?” ከሚለው ይልቅ “እንዴት ባነሰ ትሪቲየም እናንድድ?” የሚለውን መጠየቅ ፊውዥንን ከትርዒት ወደ ኃይል ማመንጫ ያሻግረዋል።

“ትሪቲየም ይህን ያህል ካስቸገረ ለምን ጨርሶ አይተውም?” የሚል አለ። ጥያቄው ቀላል ነው፣ መልሱ ግን አይደለም። ዲዩቴሪየምን ከዲዩቴሪየም ጋር ማዋሃድ ይቻላል፤ ግን እሱ ራሱ ትሪቲየም ይወልዳል፣ እሳቱም እጅግ ለመያዝ የሚከብድ ነው። ዲዩቴሪየምን ከሂሊየም 3 ጋር እናዋህዳለን የሚሉ ኩባንያዎች አሉ፤ ሂሊየም 3 ግን በምድር ላይ በብዛት የሚገኘው ትሪቲየም ሲበሰብስ ነው፤ ከበር አስወጥተውት በመስኮት ገባ ማለት ነው። ፕሮቶንና ቦሮን ደግሞ ኒውትሮን የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚፈልገው ሙቀት ግን የሌላውን ብዙ እጥፍ ነው፣ በሚያዋጣ መጠን የሠራ ማሽንም የለም። በእነዚህ ተስፋ ላይ ተደግፎ “ፊውዥን ጨረር የለውም” ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ገና ያልተሠራውን ማሽን ንጽሕና ለሚሠራው ማሽን ማውረስ አይቻልም።

“ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ግማሹ የአገሬ ሰው ገና አምፖል አላየም፤ የግድቡ ጎረቤት የሆነው የጃዊና የጓንጓ ገጠር ስለ አስኳል ሹረት ምን አገባው?” የሚለው ሙግት ከሁሉ በላይ የማከብረው ነው፤ ግን ከሁሉ በላይ የተሳሳተም ይህ ይመስለኛል። ኢትዮጵያ ዛሬ ኒውክሌር ልትገዛ ጠረጴዛ ላይ ነች። ገዢ ሆኖ የሚቀርብ አገር የመጀመሪያ ጥያቄው ሜጋ ዋቱ ስንት ነው፣ ሪባኑ መቼ ይቆረጣል መሆን የለበትም። ነዳጁ ከየት ይመጣል፣ ግቢው ውስጥ በማንኛውም ሰዓት ስንት አለ፣ ሲያመልጥ በየትኛው ውሃ ይሄዳል፣ ማን ይለካዋል፣ ልኬቱን ለሕዝብ ማን ይነግራል? ነው ማለት ያለበት። ፊውዥን ላይ ነዳጁን መጠየቅ ያልለመደ ሕዝብ ፊስዥን ላይም አይጠይቅም። “ንጹሕ” የሚለውን ቃል ዛሬ ሳይመረምር የተቀበለ፣ ነገ ሻጩ በሌላ ዕቃ ላይ ሲለጥፈው በምን ይመረምረዋል?

ለጨረር ባዕድ አይደለንም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው ከተመሠረተበት ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ቃሊቲ ላይ የቆላ ዝንብ ወንዶች እየረቡ በጨረር ይመክናሉ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕሙማን በኮባልት ጨረር ሲታከሙ ኖረዋል። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ የሚያስጠይቀው ነገር ዕቃው ስንት ነው፣ የት ነው፣ ማን ቆለፈው የሚለው ነው። ለፊውዥንም ጥያቄው ያው ነው። በብሪታንያና በአሜሪካ የፊውዥን ጣቢያዎችን ከፊስዥን በቀለለ ደንብ ለማስተዳደር ተወስኗል፤ ውሳኔው መሠረት አለው፣ አደጋው ያነሰ ነውና። ግን ቀለል ያለ ደንብ ማለት የሚያዘው ትሪቲየም ትንሽ ሲሆን የሚገባ ነገር ነው። ኩባንያዎቹ ቀላሉን ደንብ ከፈለጉ ትንሹን ግራም ያምጡ።

ኢንቨስተሮቹም የሚሸጡልን ቀን አላቸው፤ ከዛሬ አሥር ዓመት በኋላ፣ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በፊት። ቀኑ ላይ አልከራከርም። አንደኛው ጣቢያ የመነሻ ትሪቲየሙን ከየት እንደሚያመጣ፣ ሁለተኛው ጣቢያ ደግሞ ከአንደኛው ትርፍ ለመነሣት ስንት ዓመት እንደሚጠብቅ ሳይናገር የሚሰጠው ቀን ቀን አይባልም። ትርፉ ከመቶ አምስት ቢሆንና በቧንቧ የሚዞረው አርባ ስድስት ኪሎ ቢሆን፣ አንድ ጣቢያ ለወንድሙ የሚሆን መነሻ ለማጠራቀም ዓመታት ይፈጅበታል፤ ያጠራቀመውም እየበሰበሰ። በሚዞረው ላይ አሥር እጥፍ ቢቀነስ ግን ያ ዘመን በወራት ይቆጠራል። ስለዚህ ትሪቲየምን መቀነስ ለአካባቢ የሚደረግ ደግነት ብቻ አይደለም፤ ፊውዥን ከአንድ ጣቢያ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አራት መብዛት መቻሉ ራሱ በዚህ ይወሰናል።

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላው ዘንድ ፊዚክስ የምታስተምሩ ሰዎች፣ እባካችሁ በሚቀጥለው ሴሚስተር ይህን ስሌት ተማሪዎቻችሁ ራሳቸው እንዲሠሩት አድርጉ፤ ወረቀትና ካልኩሌተር ይበቃል። ጋዜጠኞችም “ማለቂያ የሌለው ንጹሕ ኃይል” የሚለውን ርዕስ ለጥቂት ዓመታት አሳርፉት። አንባቢ ደግሞ ቀጣዩ የፊውዥን ዜና ሲመጣ ሚሊዮን ዲግሪውን ዝለሉትና ሁለት ቁጥር ብቻ ፈልጉ፦ ከገባው ትሪቲየም ከመቶ ስንቱ ነደደ፣ በግቢው ውስጥስ ስንት ግራም አለ? ሁለቱ ካልተጻፉ ዜናው ስለ ኃይል ማመንጫ አይደለም።